ራሱን የማያየው ደንበኛ

ያልሰማሽ ስሚ፣ የሰማሽ ላልሰማ አሰሚ። አያትሽ በፀጉር ቤቱ ውስጥ እንዳልዘፍን ጥላብኝ የነበረው እገዳ ከያዝነው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የተነሣ መሆኑን ለሚመለከተው ሁሉ፣ በተለይም ለአንቺ ለቁንጫዬ፣ በታላቅ ክብር አስታውቃለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት አቤት ብሎ ነበር። አቤቱታው ውድቅ ሆኗል።

አዋጁ እዚህ ላይ አብቅቷል፤ አሁን ወደ ሰላምታው። የልጄ ልጅ፣ የዐይኔ ብርሃን፣ የአንገቴ ሥር ቁንጫ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? በስልክ የሰማሁት ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ ኪራይ እየከፈለ ተቀመጠ? ሥራው፣ ብርዱ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉ ደህና ነው? ትንሹ ልጅሽ ጥርስ አበቀለ ወይስ እንደ እኔ ሰው ሠራሹን እየጠበቀ ነው? ባልሽስ ያንን ጺሙን አሁንም ራሱ ይቆርጠዋል? በላክሽልኝ ፎቶ ላይ አይቼው አንድ ቀን ሙሉ ከፍቶኝ ዋልኩ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይንቋቋል እንጂ ካሰብኩበት ያደርሰኛል። የአያትሽ ጆሮ መስማት ካቆመ ቆይቷል፤ ስለ እሷ ክፉ ካወራሁ ግን ከማዶ ሰፈርም ይሰማል።

ወደ ጠየቅሽው ነገር ልምጣ። ለአያትሽ በላክሽው መልእክት «እማዬ በስልክ ድምፅዋ ሌላ ሆኖብኛል፤ ምን ደረሰባት? ይሄ ወላጆቿን የመፈለግ ነገርስ አያቴን አላስከፋውም ወይ?» ብለሻል። አያትሽ መልእክቱን ጮክ ብላ ነው ያነበበችልኝ፤ መጨረሻ ላይ «ለእሱ እንዳትነግሪው» ያልሽውን ሳይቀር። አልከፋኝም። እናትሽም ደህና ናት፤ እንዲያውም እንደ ዛሬ ሆና አይቻት አላውቅም። ነገሩ ግን ረጅም ስለሆነ ልጁን አስተኝተሽ፣ እግርሽን ሰቅለሽ አንብቢው።

እናትሽ እንዴት ወደ እኛ እንደመጣች ታውቂያለሽ፤ ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ግን ልድገመው። አንድ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ፣ እየዘፈንኩ ጠራርጌ፣ ውኃ ልቀዳ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ባልዲውን ይዤ ስመለስ ወንበሬ ላይ በወንድ ሸሚዝ የተጠቀለለች ሕፃን ተኝታለች። ደጁን አየሁ፤ ሰው የለም። «ኧረ ነይ እዪ፣ የዛሬዋ የመጀመሪያ ደንበኛ መላጣ ናት» ብዬ አያትሽን ጠራኋት። እኔና እሷ ልጅ እምቢ ብሎን ተስፋ የቆረጥን ሰዎች ነበርን። አያትሽ አነሣቻት፤ ያነሣቻትን መልሳ አላስቀመጠችም። ለሚመለከተው ሁሉ አስታወቅን፣ ጠበቅን፤ የኔ ናት ብሎ የመጣ የለም። እንዲህ ሆነን ወላጆች ሆንን፤ ምጡን ለማላውቃት ሴት ትቼ።

ይህንን ከእናትሽ ደብቀናት አናውቅም። አንድ ጥያቄ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ነበር። «አባዬ፣ ተጥዬ ነው ወይስ ተቀምጬ?» ትለኛለች። ሰው የማይፈልገውን ይጥላል፤ የሚሳሳለትን ነገር ግን አመቺ ቦታ ፈልጎ ያስቀምጣል። እኔ «ወንበሩ ላይ ነበርሽ፤ መሬት ላይ አልነበርሽም» እላታለሁ። እሷም ትስቃለች። ሳቋ ግን እስከ ዐይኗ አይደርስም ነበር።

ባለፈው ዓመት እንደ እሷ ተገኝተው ካደጉ ሰዎች ጋር ተዋወቀች። አንደኛው በአውቶቡስ የኋላ መቀመጫ ላይ የተገኘ ሾፌር ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከአውቶቡስ አልወረደም እያልኩ እቀልድበታለሁ። ሌላዋ በሆስፒታል ኮሪደር የተገኘች መምህርት ናት፤ ዝምታ የምትወድ፣ ሳይቸግራት ነጭ የምትለብስ። ሰኞ ሱቁ ዝግ ስለሆነ ሰኞ ሰኞ እኛ ዘንድ ይሰበሰባሉ። የፍለጋውን ዘዴ ያመጣችው እናትሽ ናት። «አንገቱ ታስሮ የተቀመጠ ሰው ከመስታወቱ ሌላ ምን የሚያየው አለው?» አለችና የሚፈልጓቸውን ሰዎች ፎቶ በትልቁ መስታወት ዙሪያ ለጠፉት። ደንበኛ እስኪቆረጥ ያያል፣ እስኪላጭ ያያል፤ ማየት ሲሰለቸው ማስታወስ ይጀምራል። መምህርቷ አክስቷን ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ደላላ «ይቺን ሴትዮ እኮ ቤት አከራይቻታለሁ» ብሎ ከነሳሙናው ብድግ ሲል፣ በግማሽ ጺም መንገድ ሊወጣ ነበር። እናትሽ ግን የምትለጥፈው ፎቶ አልነበራትም። የሰው ፎቶ አቧራ ትጠርጋለች።

ከጥቂት ወራት በፊት፣ በአንድ ሰኞ፣ መጋረጃ ሰፊ ነኝ ያለች ሴት በሩን አንኳኳች። ከእናትሽ ትንሽ ታንሳለች። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ከተማ ነው የመጣችው። አባቷ ቀለም ቀቢ ነበር፤ የሰው ግድግዳ ሲያሳምር የኖረ ሰው። ሊሞት ሲል «እህት አለሽ፤ ፀጉሬን የምቆረጥበት ሄደሽ ጠይቂ» ብሏት፣ የቱ ፀጉር ቤት እንደሆነ ሳይነግራት አረፈ። እሷ የምታውቀው ፀጉሩን ለመቆረጥ ዕድሜ ልኩን ወደ እኛ ከተማ ይመላለስ እንደነበር ብቻ ነው። ስለዚህ የወጣትነት ፎቶውን ይዛ «ይህ ሰው እዚህ ይቆረጥ ነበር ወይ?» እያለች ከፀጉር ቤት ፀጉር ቤት ትዞራለች።

«እህት አለሽ» የሚለውን ስትሰማ ማበጠሪያው ከእናትሽ እጅ ወደቀ። ሾፌሩም መምህርቷም እኔን አዩኝ። እኔም መነጽሬን አድርጌ ፎቶውን ተቀበልኩ።

ፊቱን አወቅሁት። ባለቀለሙ የምለው አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ሁልጊዜ ፀጉሩ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ይዞ የሚመጣ፣ አንድ ጊዜ አረንጓዴ፣ አንድ ጊዜ ቢጫ። ገና ከበሩ ሲገባ «ዛሬስ በምን ቀለም መጣህ?» እለው ነበር። ከመሰላል ወድቆ አንድ ቅንድቡ ለሁለት ተሰንጥቋል። የፎቶው ሰውም ቅንድቡ የተሰነጠቀ ነው። ነገር ግን፣ ቁንጫዬ፣ ጎኑ አልገጠመም። የባለቀለሙ ስንጥቅ በር በሩን ነው የሚያየው፤ የፎቶው ግን ወደ መታጠቢያው በኩል ነው። መነጽሬን አወለቅሁ፣ መለስኩ፤ ወደ መስኮቱ ወስጄም አየሁት። ከዚያ እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ይመስለዋል እንጂ እሱ አይደለም። ወንድሙ ይሆናል፤ መንትያው ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ፈረድኩ።

ሴትየዋ ትከሻዋ ወረደ። እናትሽም ጎንበስ ብላ ማበጠሪያውን አነሣችና «አባዬ በሰው ጭንቅላት ተሳስቶ አያውቅም» አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን ግን የለቀሙት እነሱ ናቸው። መጋረጃ ሰፊዋ ወደ አገሯ ተመልሳ የአባቷን መንትያ ፍለጋ ዘመድ ልታስጨንቅ ገባች። አንዲት አሮጊት አክስቷ «ወንድሜ ብቻውን ነው የተወለደው፤ እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ማነው ደግሞ ሁለት ያደረገው?» ብላ ልታባርራት ደረሰች። ለሞተ ሰው ያልነበረውን መንትያ የወለድኩለት እኔ ነኝ።

ፎቶውን አንድ የሚያውቀው ቢመጣ ብላ መስታወታችን ላይ ለጥፋው ነበር የሄደችው። እኔ በየጠዋቱ «አንተ ሰውዬ ማነህ?» እያልኩ እከራከረዋለሁ። እናትሽ ደግሞ ያንን የመስታወት ጥግ ማየት ተወች። ደንበኞቿን እንኳ ወደ ሌላው ወንበር ትወስዳለች። አንድ ቀን ፎጣ እያጣጠፈች «ለቅጽበት ያህል እኮ፣ አባዬ፣ የሆነ ሰው ልጅ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። የኔ ልጅ አይደለሽም ወይ ብዬ ልቀልድባት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ቀልድ የማይገባበት ቀዳዳ እንዳለ እኔም አውቃለሁ። በስልክ ድምፅዋ ሌላ የሆነብሽ ያን ሰሞን ነው።

እንግዲህ የያዝነው ሳምንት ሰኞ መጣ። መጋረጃ ሰፊዋ ፎቶዋን ልትወስድ ተመለሰች። «በቃኝ አባባ» አለችኝ፤ «አባቴ በትኩሳት የተናገረው ቃል ይሆናል። እናንተንም አደከምኳችሁ።» ፎቶውንም ከመስታወቱ ላይ ላጠችው። እናትሽ ግን «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተሽ በዚህ በተሰነጣጠቀ ፀጉር አትመለሺም፤ ቁጭ በይ፣ ጫፍ ጫፉን ላስተካክልልሽ» ብላ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። ጨርቁን አንገቷ ላይ አሰረችላት። ሴትየዋም ፎቶው እንዳይታጠፍባት ከጨርቁ በላይ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጋ፣ ደረቷ ላይ ደገፈችው።

እኔ ከኋላቸው ፎጣ እያጣጠፍኩ ነበር። እንደ ልማዴ ቀና ብዬ ወደ መስታወቱ አየሁ። ባለቀለሙ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የተሰነጠቀው ቅንድቡ በር በሩን እያየ።

አፌ ከእኔ ቀደመ። «ዛሬስ በምን ቀለም መጣህ?» አልኩት።

አየሽ ቁንጫዬ፣ ፀጉር ቆራጭ ሰውን ፊት ለፊት አያየውም። ከኋላው ቆመን በመስታወት ነው የምናየው። እኔ የዚህን ከተማ ወንድ ፊት ሁሉ ዕድሜዬን በሙሉ ያየሁት በመስታወት ተገልብጦ ነው። ፎቶ ደግሞ አይገለብጥም። ሰውየው ያው ሰውዬ ነበር፤ እኔ ነኝ በተሳሳተ በር በኩል ስጠብቀው የነበርኩት። ከእንግዲህ መንገድ ላይ ሰላም ስላልሰጠኋቸው የሚቀየሙ ደንበኞቼ ምክንያቱን ይወቁልኝ።

መጋረጃ ሰፊዋ ግን የቅንድቡን ነገር ሳስረዳ አልሰማችኝም። ጨርቁ እንደታሰረ ዞረችና «አባባ፣ ይህን ቃል ከየት አመጡት?» አለችኝ። ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት በቀለም የተበከለ እጇን ይዛ ስትገባ አባቷ ሁልጊዜ «ዛሬስ በምን ቀለም መጣሽ?» ይላት ነበር። ከእኔ ቤት ፀጉር ብቻ አልነበረም የሚቆረጠው፤ ቀልዴንም ይዞ ይሄድ ኖሯል። ይህን የሚያህል ሌባ ደንበኛ ኖሮኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ወሬው እንደ ተፈታ ድር መጣ። እናቷ በዚህ በፀጉር ጉዳይ ከሰውየው ጋር ትጣላ ነበር። «እዚህ አገር መቀስ ጠፍቶ ነው?» ስትለው «ለባዶ ወንበር የሚዘፍን ሰው ጋ ነው የምቆረጠው፤ ለባዶ ወንበር የሚዘፍን ሰው ለሰው አይከፋም» ይላታል። ልጅቱ ይህን እንደ ቀልድ ስለቆጠረችው ስለ ዘፈኑ ለመጠየቅ አፍራ በየፀጉር ቤቱ ደጃፍ ቆማ ጆሮዋን ትሰጥ ነበር። «የመጀመሪያ ቀን በራችሁ ላይም ቆሜ ነበር» አለች፤ «ዝም ያለ ቤት ነበር።»

ሁላችንም ሻይ ይዛ ወደ ገባችው አያትሽ ዞርን። እገዳው ለምን እንደመጣ አልነገርኩሽ ይሆናል። ከፍ ያለው ዜማ ላይ ስደርስ አዲሱ ጥርሴ ተስፈንጥሮ በአንድ የባንክ ሠራተኛ ጉያ ውስጥ ወድቆ ነው። አያትሽ የሻይ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጠች፣ ሰፌዱን ብብቷ ሥር አደረገች፣ ግድግዳውን እያየች «ይዝፈን» አለች። አዋጁ የወጣው በዚህ ሁኔታ ነው።

የቀረውን መጋረጃ ሰፊዋ አስረዳችን። ሰውየው ከእናቷ በፊት ሚስት ነበረችው፤ በወሊድ ሞተችበት። እሱ ወጣት፣ ያኔ በሚሠራበት በእኛ ከተማ ወገን የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ የሚውል። ለሁለተኛ ሚስቱ ልጁም አብራ ሞታለች ብሎ ነው የነገራት። ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ፣ ሞታለች ያላትን ልጅ ሊያይ ፀጉሩን ሳያሳድግ ይቆረጥ ነበር።

እናትሽ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ስለሱ የምታውቀውን ሁሉ ንገረኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ሁልጊዜ ምንም የሚቆረጥ ሳይኖረው ይመጣ እንደነበር፤ እኔም ከባዶ መሬት ሣር እንደሚለቅም ሰው በቶንዶሱ አንገቱ ላይ የምቆርጥ አስመስል እንደነበር። እሷ ያኔ ሳጥን ላይ ቆማ ብሩሽ የምታቀብለኝ ነበረች፤ «አንገቴን እሷ ትጥረግልኝ» ይላል። ከኪሱም ከረሜላ ያወጣላት ነበር፣ ወረቀቱ በቀለም የተነካካ። «እሱን እንኳ አስታውሳለሁ» አለች እናትሽ፤ «ሳሙና ሳሙና ይል ነበር።» እኔም አንድ ጊዜ አስነጠስኩና ቀጠልኩ። ደንበኛ ሁሉ መስታወት ፊት ሲቀመጥ ራሱን ያያል፤ መላጣውም መልከ ጥፉውም ያያል። ባለቀለሙ ግን ራሱን አይቶ አያውቅም። ዐይኑ ሁልጊዜ ከትከሻው በላይ፣ ወደ ኋላ፣ ሳጥኑ ላይ ነው። አንድ ቀን እየዘፈንኩ ጎኑን አንጋድጄ ቆርጬዋለሁ፤ «እጅህ ይባረክ» ብሎኝ ሄደ። ያኔ ደግ ሰው ብዬ አልፌዋለሁ።

የመጨረሻ ጊዜ የመጣው እናትሽ መቀስ ከያዘች በኋላ ነው። ሸምግሎ ነበር፤ ፀጉሩ ላይም ቀለም አልነበረም። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ስጠብቀው «ዛሬ እሷ ትቁረጠኝ» አለ። በስንት ዘመን ደንበኛዬ የተከዳሁት የዚያን ቀን ነው። እናትሽ ቆረጠችው፤ እሱ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ስትጨርስ ትንሿን መስታወት ከኋላው ይዛ «እንዴት ነው አባባ?» ስትለው፣ ሳያይ «አምሮብኛል» ብሎ ወጣ። እሷ ስንቱን ሰው ቆርጣለች፤ በወጣትነቱ ፎቶ ባታውቀው ምን ይገርማል። እኔ ግን ከሃዲ እያልኩ ለዓመታት ስሙን ሳጠፋ ኖሬያለሁ። ነፍሱን ይማር፤ ጥፋቴን በመዝሙር እክሳለሁ።

እናትሽ እስከዚህ ድረስ ሰምታኝ እጆቿን አየቻቸው፤ መዳፉንም ጀርባውንም። ከዚያ «ሰው የጣለውን ነገር ተመልሶ አያይም» አለች። ለእኔ አይደለም ያለችው፤ ለማንም አይደለም። ተቀምጬ ነው ማለቷ ነው። አለቀሰች፣ አዎ። እህቷም አለቀሰች። ሾፌሩም በመነጽሩ ሥር ዐይኑን ሲያብስ አይቼዋለሁ፣ ይክዳል እንጂ። ከዚያ እናትሽ ተነሣችና «አባዬ፣ ፎጣውን አቀብለኝ፤ ፀጉሯ ግማሽ ላይ ቀርቷል» አለችኝ። አቀበልኳት። እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው ነው፤ ሌላ አባት ባገኘች በሩብ ሰዓት ውስጥ ያው አባዬ፣ ያው ተላላኪ። ምን ብዬ ይከፋኛል?

ስትጨርስላት የእህትየው ማጅራት ላይ ያለው የፀጉር አዙሪት ቁርጥ የእናትሽን እንደሚመስል አየሁ። ነገር ግን ስለ ሰው ጭንቅላት ከእንግዲህ አልመሰክርም ብዬ ወለሉን መጥረግ ጀመርኩ። የመሰከረችው አያትሽ ናት፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስጎንብሳ እንደ ሐብሐብ መረመረቻቸው።

በሚመጣው ሳምንት እናትሽ ወደ እህቷ ከተማ ትሄዳለች፤ ሰውየው የቀባቸውን ቤቶች እየዞሩ ሊያዩ ነው። አክስትሽ (ልመጅው፣ አክስት አለሽ) ለፀጉር ቤቱ መጋረጃ ለክታ ሄዳለች፤ ለአንቺም ልትሰፋልሽ ስለሆነ የመስኮትሽን ልክ በቶሎ ላኪ። ቀለሙንም ምረጪ። እሷ በቀለም ጉዳይ ቀልድ አታውቅም፤ ቀልዱን ለእኔ ትታዋለች።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ መቀሱን ከእጁ ቀሚው። ትንሹን ግንባሩን ሳሚልኝ፣ ከኋላ ፀጉሩን እንዳትነኪ፣ የመጀመሪያውን ቁርጥ የምቆርጠው እኔ ነኝ። አማትሽን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ያቺ በረዶ ላይ ስትወድቂ ያነሣችሽን ጎረቤትሽንም፣ ስሟን ባላውቅም፣ አመስግኛለሁ። ከዚህ ወገን እናትሽ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፣ ራሷም ትደውልልሻለች። አያትሽ ስካርፍሽን ሳታደርጊ እንዳትወጪ ትላለች። ሾፌሩና መምህርቷም ሰላም ይላሉ። ልብስ ሰፊው ጆሮው ውስጥ ጥጥ አድርጎ ሰላም ብሏል።

ከፀጉር ቤቱ፣ ከትልቁ መስታወት ፊት
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ በሌለበት፣ ለባዶ ወንበር እየተዘፈነ ተጻፈ

ደብዳቤውን አጥፌ ነበር፤ መልሼ ዘረጋሁት። እንደምታውቂኝ ወሬ ሳላጣፍጥ አላቀርብም። የዛሬው ግን ሁሉም እውነት ነው፣ ከአንዱ በቀር። ሰውየው ከረሜላ ሰጥቷት አያውቅም። ባዶ እጁን ይመጣል፣ ያያታል፣ ይሄዳል። እናትሽ በዚያ ዐይኗ ስታየኝ ባዶ እጁን ላሳልፈው አልቻልኩም። ከረሜላው ከእኔ መሳቢያ ነበር፣ ከመላጫው ሳሙና ጎን፤ እሷም ሽታውን እስከ ዛሬ ታስታውሰዋለች። ያወቀችብኝ ይመስለኛል፤ ዝም ብላኛለች። አንቺም ዝም በይ። ሁለት አባት ሆነን አሳድገናት የለ? ማየቱ የሱ፣ ከረሜላው የኔ።